የሰካራሙ ካሬ

ለናፍቆቴ፣ ለታላቅ ወንድሜ፤

እንደምን ከረምክልኝ ወንድምዓለም? ያ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ የሚለው ትከሻህ እንዴት ሆነልህ? ባለቤትህስ ደህና ናት? የሌሊት ሥራውን ተወችው ወይስ አሁንም እሷ ስትገባ ነው አንተ የምትወጣው? ልጆችህ አደጉ? የትንሹ ጥርስ ወለቀ ብለህ ነበር፤ አዲሱ በቀለለት? እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል ማለትህን እማዬ ከሰማች ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጣ የእኛን ፀሐይ እያየች «ምናለ ግማሹን ለልጄ ቢልኩለት» ትላለች። እሷ ደህና ናት። ጉልበቷ ያው እንደምታውቀው ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል፤ ምላሷ ግን ዕለት በዕለት እየተሳለ ነው። እኔም ባለቤቴም ልጄም ደህና ነን፤ የምንጣላው እንኳ በጤና ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፋት እንደምትል አውቃለሁ። ስልክ ላይ አንተ አታስጨርሰኝም፣ እኔም አላስጨርስህም፤ ከዚያ መስመሩ ይቆረጥና ሁለታችንም አኩርፈን እንተኛለን። ይህ ነገር ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቋረጥ መሰማት አለበት። ስለዚህ ቁጭ በልና አንብብ። መጨረሻውን ቀድመህ እንዳታይ፤ ልማድህን አውቀዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው የባቡር ጣቢያችን ጣሪያ ሲታደስ ነው። ኃላፊያችን፣ ያ ክራባቱን እንደ ጭነት ገመድ የሚያስረው ሰውዬ፣ አንድ ጠዋት ወደ ትኬት መስኮቴ መጥቶ፣ የትልቁን አዳራሽ ወለል የሠራው ሰው ስም በድንጋይ ተቀርጾ መግቢያው ላይ ሊቆም ነው አለኝ። ወለሉን ማን እንደሠራው በዚህ ጣቢያ የማያውቅ የለም። እኔ ያልነገርኩት ተሳፋሪ ካለ ባቡር ያመለጠው ብቻ ነው። ትኬት ስሰጥ «ቀስ ብለው ይርገጡ፣ የአባቴ እጅ ነው» እያልኩ ነው የኖርኩት። አንተም እዚያ ሆነህ የሚጻፈውን አሳምረህ ላክህልኝ፤ «ይህን ወለል የሠሩት የእጃቸው ጥበብ ወደር ያልነበረው አባታችን ናቸው» የሚለውን። ድንጋይ ጠራቢው ወደደው፤ ሥራውንም ጀመረ። አሁን ግን «ይህን ወለል» የሚለውን ቀርጾ እንደቆመ ነው። ያስቆምኩት እኔ ነኝ። በየጠዋቱ መሮውን ብብቱ ሥር ይዞ በመስኮቴ ሲያልፍ «እሺ እትዬ፣ ማን ልበል?» ይለኛል። እኔም «መጀመሪያ ወንድሜ ይስማ» እለዋለሁ።

አትቆጣ። ቁጣህን ለጊዜው ያዝልኝና ከእኔ ጋር ትንሽ ወደ ኋላ ተመለስ።

በእረፍት ቀን አባባ አንተን በቀኝ እኔን በግራ ይዞ ወደ ጣቢያው ይወስደን የነበረው ትዝ ይልሃል? እማዬ ከኋላ ቀስ እያለች ትመጣና አዳራሹ በር ላይ ትቆማለች፤ ገብታ አታውቅም። አባባ ይንበረከክና ወለሉን በመዳፉ እየዳበሰ ያስረዳናል። ሲሚንቶው እርጥብ ሳለ ነጩም ጥቁሩም ቀዩም የድንጋይ ፍርፋሪ በእጅ ይዘራል፤ ሲደርቅ ይሞረዳል፤ ከዚያ ይወለወላል፤ ዘሩ ካላማረ ግን ማንም ሞርዶ አያሳምረውም ይለን ነበር። ካሬዎቹን የሚለያቸውን ቀጭን ናስ በጣታችን እየተከተልን እስከ ሐዲዱ በር እንሄዳለን። ጠጠሩ ሁሉ ነፋስ የነዳው ይመስል ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። የሚያምረውም በዚያ ነው።

ከሦስተኛው ምሰሶ ሥር ካለችው ጉደኛ ካሬ በቀር። እሷ ላይ ጠጠሩ አንዱ ጥግ ተቆልሎ ሌላው ጥግ ባዶውን ቀርቷል፤ በደንብ ያልተማሰለ ገንፎ ነው የምትመስለው። አባባ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ አንድ ሰካራም ገብቶ ጠግኗት ነው ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ። «የሰካራሙ ካሬ» ብለን ስም አወጣንላት፤ አንድ እግራችንን አንስተን እየዘለልን እንረግጣት ነበር። አባባ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። «እውነታችሁን ነው፣ ያ ሰውዬ ሥራ የሚባል ነገር አያውቅም» ይለናል። እማዬም በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ትሸፍናለች።

ሰው ሲያልፍ አባባን ያውቀዋል፤ በዚህ ከተማ አፈር የነካ ነጭ ግንበኛ እሱ ብቻ ነበራ። እጁን ጨብጠው ያደንቁታል። እሱም ሁልጊዜ አንድ መልስ ነው ያለው፤ ወደ እማዬ እየጠቆመ «እኔን ሳይሆን አለቃዬን ጠይቁ» ይላል። ይስቃሉ። «አቤት፣ ሚስቱን ሲያከብር» ብለው ያልፋሉ። እኛም እንስቅ ነበር።

እንዴትስ አንስቅ? ነጭ አባትና ጥቁር እናት ያለው ልጅ የሚሰማውን ሁሉ ሰምተን ነው ያደግነው። አንተ የአባባን መልክ፣ እኔ የእማዬን ወስደን አብረን ስንሄድ ሰፈሩ «የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» እያለ ይተርትብን ነበር። እማዬ አንተን ይዛ ገበያ ስትወጣ የልጁ ሞግዚት ነሽ ወይ ይሏታል። «አዎ፣ ደመወዜን ግን እስካሁን አልሰጡኝም» ብላ ታልፋቸዋለች። ሱቅ ስንገባ ባለሱቁ ለአባባ ወንበር ይስባል፤ አባባ አመስግኖ ወንበሩን ለእማዬ ያቀርብና ራሱ ይቆማል። ትምህርት ቤት «እናትህ ሠራተኛችሁ ናት» ያለህን ልጅ ከአጥር ላይ ያወረድክበትን ቀን እማዬ እስከዛሬ ታወራዋለች። ያን ቀን ስትገርፍህ እንኳ እጇ ይቀልል ነበር ያልከኝ ራስህ ነህ። እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር «አለቃዬ እሷ ናት» ቢባል ማን ያምናል? ቀልድ ሆኖ ቀረ።

አንድ ነገር ግን ሁለታችንንም ይከነክነን ነበር። ያን የመሰለ ወለል የሠራ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሰው መታጠቢያ ቤትና የደረጃ ጠርዝ ሲለጥፍ ለምን ኖረ? ትልልቅ ሥራ ይዘው ሲመጡ «አልችለውም» ብሎ ይመልሳቸው ነበር። አንተ ትሕትና ነው ትላለህ፣ እኔ ስንፍና ነው እላለሁ። ሁለታችንም አላወቅንም።

ባለፈው ወር ታዲያ አንድ ሽማግሌ መስኮቴ ፊት ቆሙ። ልጃቸውን ሊጠይቁ እየሄዱ ነው። ትኬታቸውን ሰጠኋቸው፤ አይነቃነቁም። ከኋላቸው ሰልፉ ያጉረመርማል። ፊቴን ትክ ብለው አይተው «አንቺ የአለቃችን ልጅ ነሽ» አሉኝ። እኔም እንደ ልማዴ አዎ፣ ይህን ወለል የሠራው አባቴ ነው አልኳቸው። ወንድምዓለም፣ ሽማግሌው ሳቁብኝ። ምሰሶውን ይዘው ነው የሳቁት። አባትሽማ ከእኔ ጋር ውሃ ተሸካሚ ነበር አሉኝ። እኔን ባልዲ ይሉኝ ነበር፤ እሱ ግን ግማሹን መንገድ ላይ ስለሚያፈሰው ስሙ ወንፊት ነበር አሉ።

የሥራ ባልደረባዬን መስኮቱን እንድትይዝልኝ ለምኜ ወጣሁ። ጋሽ ባልዲ ባቡራቸውን አሳለፉልኝና አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ። ወለሉን የተዋዋለው የእማዬ አባት ነው፤ አንተም እኔም ያላየነው አያታችን። ወለል ሠሪ ነበር፤ እማዬን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከጎኑ አንበርክኮ ያስተማራት እሱ ነው። የዚህ አዳራሽ ሥራ ገና ከመጀመሩ ደረቱን ታመመና አልጋ ያዘ። ሠራተኛው ሊበተን ዕቃውን መሰብሰብ ሲጀምር እማዬ የአባቷን የሲሚንቶ ማለስለሻ ፍራታሶ ከመሬት አንስታ «ነገ ጠዋት እንደ ልማዳችሁ ኑ» አለች። መጀመሪያ የመጡት ለታመመው አያታችን ሲሉ ነበር። ሳይቆይ ግን እሷን ብለው መምጣት ጀመሩ። አባባ በዚያው ሰሞን ነው ከሩቅ አገር መጥቶ ሥራ ስጡኝ ያለው፤ ቋንቋ የለው፣ ሙያ የለው። ባልዲ ሰጠችው።

ሽማግሌ ይረሳል፣ ያምታታል ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ከዚያ ወለሉን አየሁት። እማዬ ግራኝ ናት። ወጥ ላይ ጨው ስትነሰንስ፣ ለዶሮዎቿ ጥሬ ስትበትን አይተሃታል፤ በግራ እጇ፣ መዳፏን ገልበጥ አድርጋ፣ ሁለት አጭር አንድ ረጅም። ወለሉ ላይ ያለው እሱ ነው። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ከመግቢያው እስከ ሐዲዱ በር ድረስ። ያሳደገኝ እጅ በየቀኑ ፊት ለፊቴ ተዘርግቶ እኔ የአባቴ ነው እያልኩ ለሰው አስጎበኘዋለሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚሉት ለካ ለእኔ ነው።

ቤት ስገባ እማዬ ሽንኩርት ትልጣለች። ጋሽ ባልዲ ሰላም ብለውሻል አልኳት። ቢላዋዋ ቆመ። «አሁንም በእግራቸው ይሄዳሉ?» አለችና መላጧን ቀጠለች። ዝም አይነቅዝም እያለች ያሳደገችን ሴት ናት። ያን ቀን ግን አልለቀቅኳትም። ሽንኩርቱን ነጥቄ ራሴ እየላጥኩ፣ እሷም የላጥኩት ሁሉ ወፍራም ነው እያለች እየተቆጣች፣ ቀስ በቀስ ተናገረች።

ወለሉ ሲመረቅ እማዬና አባባ ከተጋቡ ዓመት አልሞላቸውም፤ አንተ ሆዷ ውስጥ ነበርክ። ሊመርቅ የመጣው ባለሥልጣን ሪባኑን ቆርጦ ሲገባ ሠሪውን ሊጨብጥ እጁን ዘረጋ፤ የዘረጋው ለአባባ ነው። ከሠራተኞቹ መሃል ነጭ እሱ ብቻ ነበርና ሌላ ማን ሊሆን ነው? አባባ ያኔ ቋንቋው ገና ይንተባተብ ነበር፤ አንዲት ነገር ግን አጥርቶ ተናገረ። «አለቃዬን ጠይቁ» አለ። ሳቁ። እየሳቁ ወስደው የፊት ወንበር ላይ አስቀመጡት። እማዬ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች በሩ ላይ ቀረች፤ ማንም ግቢ አላላትም። አባባ ንግግሩ ሳያልቅ ወንበሩን ትቶ ወጣና እሷና ጋሽ ባልዲ አጠገብ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። እማዬ ያን በር አልፋ ያልገባችው ለምን እንደሆነ አሁን ገባህ?

ከዚያ በኋላ ትልቅ ሥራ ይዞ የሚመጣው ሁሉ የሚፈልገው እሱን ሆነ። እሷ ናት ሲላቸው ይስቃሉ፤ እኔ ነኝ ስትላቸው ይሄዳሉ። እማዬ ሲመርራት አንተ ከፊት ቁምልኝ፣ እኔ ከኋላ ልሥራ፣ ልጅ ሊመጣ ነው አለችው። እምቢ አለ። ባልሠራሁት አልመሰገንም፣ ደግሞም አንቺ ከማንም ኋላ አትቆሚም አላት። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ሰደብኩት» ብላ ሳቀች። አለቀቀም። አንተን ከወለደች በኋላ ጉልበቷ እንደ ድሮው አልታዘዝ አላት፤ ግቢ ውስጥ ጡብ ላይ ተቀምጣ እሱን ማስተማር ጀመረች። በስሙ የተቀበለውም እጁ የቻለውን ብቻ ነው፤ መታጠቢያ ቤት፣ የደረጃ ጠርዝ። አልችለውም ሲል እውነቱን ነበር።

አባባ አንድም ቀን አልዋሸንም፣ ወንድምዓለም። በሰው ፊት፣ ጮክ ብሎ፣ እስኪሞት ድረስ ነገረን። ይህን ስትሰማ አባትህ እንዳይቀንስብህ እለምንሃለሁ። በእኔ ላይ የሆነውን ልንገርህ፤ በፊት የምኮራው በወለል ነበር፣ አሁን በሁለት ሰው ነው የምኮራው። የሰው ሁሉ እጅ ወደ እሱ ሲዘረጋ ወደ ሚስቱ የመለሰ ሰው ልጆች ነን። ያ ሁሉ ሰው ሲስቅባት አንገቷን ያልደፋች ሴት ልጆች ነን።

እኔም በማግስቱ ድንጋይ ጠራቢውን አስቆምኩት። እማዬ ግን ስትሰማ ተቆጣች። «ከተኛ ሰው ላይ ልብስ አልገፍፍም» አለች። ደግሞም ልጄ የአባቱ ልጅ ነው፣ ይከፋዋል፣ በባዕድ አገር ብቻውን ሆኖ እንዲከፋው አልፈልግም አለች። ሰነበትን ተኳርፈን። ሰላሟ እንኳ በልጄ በኩል ነበር የሚደርሰኝ፤ «እናትሽን ጨው አልቋል በያት» እያለች።

ማክሰኞ ዕለት ሰልፉ በረድ ሲል ቀና ብል እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። የክት ጫማዋን አድርጋለች። ከመስኮቴ ሆኜ አያታለሁ። ገባች። በትልቁ በር፣ በመሃል፣ ቀስ ብላ፣ ሰው እየተገፋፋ በጎኗ ሲያልፍ ሳትቸኩል ገባችና በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ምሰሶ ሄደች። ያ ደረጃ አይቶ የሚያኮርፍ ጉልበቷ ታጠፈላት። ተንበርክካ የሰካራሙን ካሬ በመዳፏ ዳበሰቻት። ሮጬ ደረስኩ። ወድቃ መስሎኝ ነበር።

«ይቺ የአባትሽ ናት» አለችኝ።

ያኔ ወለሉ ሲሠራ፣ አባባ አንድ ቀን ባልዲውን አስቀምጦ እኔም ልዝራ ብሎ በእጁ ምልክት ለመናት። አንዲት ካሬ ሰጠችው። እንደዚያ አድርጎ ዘራት። ሥራውን የሚቆጣጠረው ኢንጂነር መጥቶ ሲያያት በአስቸኳይ አፍርሰሽ እንደገና ሥሪ አላት። እማዬ አላፈርስም አለች። ወለሉ ላይ የማዘው እኔ ነኝ፣ ከፈለግክ መላውን አፍርሰው አለችው። ያን የመሰለ ሥራ መሃል ያቺን ጉድ ለምን ተውሻት ብዬ ጠየቅኳት። «ሲዘራት ደስ ብሎት ስላየሁት» አለች።

እኔና አንተ የዘለልንባት ካሬ ናት፣ ወንድምዓለም። ያ ሰውዬ ሥራ አያውቅም እያለ እንባው እስኪፈስ ሲስቅ በራሱ ነበር የሚስቀው። እማዬ በሩ ላይ አፏን የምትሸፍነውም ለዚህ ነው። እኔ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሳቅኩም። ተሳፋሪ ከቦ ያየኛል። የሥራ ባልደረባዬ «የሞተባት ሰው አለ መሰለኝ» ብላ ውሃ አመጣችልኝ።

ከመግቢያው ሮጦ የመጣው ድንጋይ ጠራቢና እኔ እማዬን ግራና ቀኝ ብብቷን ይዘን አነሳናት። እሱም አጋጣሚውን አላሳለፈውም፤ «እማማ፣ ታዲያ ማን ልበል?» አላት። እማዬ ቀሚሷን አራገፈች። ወለሉን ከመግቢያው እስከ ሐዲዱ በር ድረስ በዓይኗ ሄደችበት፤ እንዲህ ቀጥ ብላ ቆማ አይቻት አላውቅም። «የእኔን መግቢያው ላይ ጻፍ» አለችው። «የእሱን ደግሞ እዚህ፣ ካሬዋ ጎን። ትንሽ አድርገህ፣ በሠራው ልክ።» ከዚያ ሰውየው መሮውን ሊያነሳ ሲል እጁን ያዘችው። ልጄ ሳይሰማ አንድ ፊደል እንዳትነካ አለችው።

እንግዲህ ሰምተሃል። እሷ የምትጠብቀው አንተን ነው። በር ላይ ጫማ በተሰማ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ስትጠየቅ ግን ምንም አልጠበቅኩም ትላለች። ደብዳቤው ሲደርስህ ደውልላት። ረጅም ንግግር አታዘጋጅ፤ ይቅርታም ምስጋናም አትወድም፣ ታውቃታለህ። አባባ ይጠራት በነበረው ጥራት። ጽሑፉን ምን እናድርገው ብላ ትጠይቅሃለች፤ አንተም «አለቃዬ ያለችው ይሁን» በላት። ይበቃታል።

ለባለቤትህ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ልጆችህን ሳምልኝ፤ ትልቋን አያቷ ስለሠራችው ወለል ንገራት፣ ትንሹንም ስለ ሰካራሙ ካሬ። ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፤ እሱ አውቶብሱን አቁሞ ሊወስደኝ ሲመጣ አሁን አዳራሹ በር ላይ ጫማውን ይጠርጋል፣ ሰውም አብዷል ይለዋል። ልጄ እጅህን ትስማለች፤ ካሬዋ ላይ እየዘለለች ወንድ አያቴ ሥራ አይችልም ነበር እያለች ለመንገደኛው ሁሉ በኩራት ትናገራለች፤ ከልክያት አልሰማ ብላለች። ጋሽ ባልዲ ከልጃቸው ተመልሰው በዚህ አልፈዋል፤ የወንፊትን ልጅ ሰላም በይልኝ ብለዋል። እማዬ ጠዋት ስወጣ ካልሲ ደርበህ አድርግ ብላሃለች፤ ከዚያ ደግሞ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ከውስጥ ሆና እንደምወደው ጻፊለት ብላ ጮኸችብኝ።

እህትህ

ከሁለተኛው ትኬት መስኮት፣ ከእናታችን ወለል ፊት ለፊት
ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሰኔ ፬ ቀን